«ማረው» እና «ማረኝ»፦ በዲከንስ ልብ ወለድ የአንድ ልጅ ጉልምስና በአራት ጥቅሶች ሲታይ

መግቢያ

በስብከት ዝግጅት ትምህርት ላይ ተማሪዎቼ አንድ ልብ ወለድ አንብበው ለወጣቶች አገልግሎት የሚጠቅም ሐሳብ እንዲያወጡ አዝዛለሁ። የሚመጣልኝ ወረቀት ብዙውን ጊዜ መልኩ አንድ ነው። «ጥፋተኝነት» የሚል ርእስ፣ ከሥሩ ሦስት ዐረፍተ ነገር፤ «ብስለት» የሚል ርእስ፣ ከሥሩ አራት ዐረፍተ ነገር። ማን ተናገረው? ለማን? በስንት ዓመቱ? ከምን በኋላ? ይህ አይገለጽም። ያው ተማሪ በመጽሐፍ ቅዱስ አፈታት ክፍል ግን ጥቅስን ከዐውዱ መነጠል የሚያመጣውን ጥፋት አሳምሮ ያስረዳል።

ለቅዱሳት መጻሕፍት የምናደርገውን ጥንቃቄ ለልብ ወለድም እናድርግ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ልብ ወለድ የእግዚአብሔር ቃል አይደለም። ነገር ግን ከልጅነት ወደ ጉልምስና የሚደረግን ጉዞ በሚተርክ መጽሐፍ ውስጥ ተናጋሪው በየምዕራፉ እየተለወጠ ይሄዳል። በሰባት ዓመቱ የፈራውን በዐሥራ ስምንት ዓመቱ ይንቀዋል፤ የናቀውን ደግሞ በሃያ ሦስት ዓመቱ ያለቅስበታል። ዐረፍተ ነገሩን ከዕድሜው ለይተን ስንወስደው የምናጣው ጉዞውን ራሱን ነው። ሐዋርያው ጳውሎስም በ1ኛ ቆሮንቶስ 13፥11 ላይ የልጅ ንግግር፣ የልጅ አሳብና የልጅ ማስተዋል ለየብቻው ዘመን እንዳላቸው ያሳስበናል።

ይህን ለማሳየት የቻርልስ ዲከንስን «ግሬት ኤክስፔክቴሽንስ» (በግርድፉ «ታላላቅ ተስፋዎች») መርጫለሁ። የመረጥሁት መጽሐፍ ቅዱስ በታሪኩ ውስጥ በአራት ወሳኝ ቦታዎች ስለሚጠቀስ ነው። አራቱን በቅደም ተከተል ስናነብ፣ የዋናው ገጸ ባሕርይ ብስለት ብዙ ጥቅስ በማወቁ እንደማይለካ እናያለን። የሚለካው ጥቅሱን በማን ላይ እንደሚያውለው ነው።

መጽሐፉና ሁለቱ ፒፖች

ልብ ወለዱ ዲከንስ ራሱ ያዘጋጀው በነበረ ሳምንታዊ መጽሔት ላይ ከታኅሣሥ 1860 እስከ ነሐሴ 1861 እ.ኤ.አ. በተከታታይ ወጣ። 59 ምዕራፎች አሉት። ፒፕ የሚባል ወላጅ አልባ ልጅ በእንግሊዝ አገር በኬንት ረግረግ አጠገብ ከታላቅ እኅቱና ከባልዋ ከጆ ጋር ይኖራል። ጆ ብረት ቀጥቃጭ ነው። በገና ዋዜማ ፒፕ በወላጆቹ መቃብር አጠገብ ሳለ ከእስረኞች መርከብ ያመለጠ፣ እግር ብረት ያልወለቀለት አንድ ወንጀለኛ ይይዘዋል፤ ምግብና ሞረድ እንዲያመጣለትም ያስፈራራዋል። ልጁ ከእኅቱ ጓዳ ምግብ፣ ከጆ መሥሪያ ቤት ሞረድ ሰርቆ ያደርስለታል።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ፒፕ ሚስ ሃቪሻም ወደምትባል ባለጠጋ ሴት ቤት ይጠራል። በዚያ ያደገችው ኤስቴላ ሻካራ እጁንና ወፍራም ጫማውን ትንቅበታለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁ ጨዋ ሰው፣ የከተማ ሰው መሆን ይመኛል። ወጣት ሲሆን ስሙ ያልተገለጸ ሰው ብዙ ገንዘብ ስለ መደበለት ወደ ለንደን ይሄዳል። ሰጪዋ ሚስ ሃቪሻም ናት ብሎ ያምናል። በሃያ ሦስት ዓመቱ ግን እውነተኛው ሰጪ በሩን ያንኳኳል። ያ የመቃብሩ ቦታ ወንጀለኛ፣ ማግዊች ነው።

ታሪኩን የሚነግረን ፒፕ ራሱ ነው፤ የሚነግረን ግን ከጎለመሰ በኋላ ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ሁለት ፒፖች አሉ፦ ነገሩ የሚደርስበት ልጅና ነገሩን የሚያስታውሰው ጐልማሳ። በጥቅስ ዝርዝር ውስጥ በብዛት የሚገቡት የጐልማሳው ፍርዶች ናቸው። በቤት ማፈር የከፋ ነገር እንደሆነ የሚናገረው የምዕራፍ 14 መክፈቻ የእርሱ ነው፤ በዚያን ጊዜ ልጁ ገና እያፈረ ነበር። ይህን ሳይለይ የሚጠቅስ ሰባኪ ልጁ ያልደረሰበትን ብስለት ያለብሰዋል። የሚሰማውም ወጣት «እኔ ለምን እንዲህ አልበሰልሁም?» ብሎ ይከሳል እንጂ በመንገድ ላይ መሆኑን አይረዳም።

የመጀመሪያው ጥቅስ፦ አሳማው እና አባቱ

በምዕራፍ 4 የገና ምሳ ቀርቧል። በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግለው ዎፕስል፣ በማዕዱ ላይ ያለውን የአሳማ ሥጋ እያየ ስለ ጠፋው ልጅ ያነሣል። የልጁ ባልንጀሮች አሳማዎች እንደ ነበሩ ይጠቅስና የአሳማ ሆዳምነት ለወጣቶች ማስተማሪያ ነው ይላል። ሌላው እንግዳ ፓምብልቹክ ይቀጥልና ፒፕ አሳማ ሆኖ ቢወለድ ኖሮ ምን ይደርስበት እንደ ነበር በዝርዝር ይነግረዋል።

ሉቃስ 15ን ያጠና ሰው የዎፕስል ስሕተት ወዲያው ይታየዋል። በምሳሌው ውስጥ አሳማዎቹ የሚያሳዩት የልጁን ረሀብና ውርደት ነው፤ ስለ ሆዳምነት የተነገረ ነገር የለም። ከዚህ የሚብሰው ግን ዎፕስል የቆመበት ቦታ ነው። አሳማው ጋ ደርሶ ያቆማል፤ ሮጦ ልጁን የሚያቅፈው አባት ጋ አይደርስም። የጸጋን ምሳሌ ለሰባት ዓመት ልጅ ዱላ አደረገው።

በማዕዱ ላይ የተቀመጠው ልጅ በዚያው ሌሊት ለተራበ ሰው ምግብ ሰጥቶ የመጣ ነው። ስለ ረሀብ ከተሰብሳቢዎቹ ሁሉ ይበልጥ የሚያውቀው እርሱ ነው። ጥቅሱ ግን «አንተ» ተብሎ ከውጭ ስለ ተወረወረበት የተማረው ፍርሃትን ብቻ ነው።

ጆ በዚያ ማዕድ ምን አደረገ? ልጁ በተሰደበ ቁጥር በማንኪያ እየቀዳ መረቅ ይጨምርለታል። ይህ ትንሽ ነገር አንባቢን ያስቃል፤ ልብንም ይነካል። ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

ሁለተኛው ጥቅስ፦ የሐሰት አባት

በምዕራፍ 9 ፒፕ ከሚስ ሃቪሻም ቤት ሲመለስ ስላየው ነገር ሲያፋጥጡት ይዋሻል። በጥቁር ከፋይ የተሸፈነ ሠረገላ፣ ከብር ቅርጫት ሥጋ የሚሻሙ አራት ግዙፍ ውሾች ፈጠረ። በኋላ ጆ እውነት መስሎት ሲደነቅ አይቶ ልቡ ስላልቻለ ብቻውን አግኝቶ ይናዘዝለታል።

ማንበብና መጻፍ ብዙም የማያውቀው ጆ ከዮሐንስ 8፥44 የሚታወቀውን ቃል ይጠቅሳል፦ ሐሰት የሚመጣው ከሐሰት አባት ነው። አይቆጣም፤ አይሰብክም። ከእንግዲህ እንዳይደግም ይመክረዋል፤ ቀጥ ባለው መንገድ ትልቅ ሰው መሆን ካልቻለ በጠማማው እንደማይሆን ይነግረዋል፤ ማታ ሊተኛ ሲል ነገሩን እንዲያስብበት ይለምነዋል። ጥቅሱ ከዎፕስል ጥቅስ ይልቅ ጠንካራ ቢሆንም ልጁን አላቈሰለውም፤ የተናገረው በፍቅር አጠገቡ የቆመ ሰው ነበርና።

ዲከንስ ግን ታሪኩን በዚህ መልካም ቦታ አይዘጋውም። ፒፕ ወደ መኝታው ወጥቶ ይጸልያል፤ የጆንም ምክር አልረሳም። ከጸሎቱ በኋላ ግን ኤስቴላ ጆን ብታየው ምን ያህል ተራ ሰው እንደሚሆንባት፣ ጫማው ምን ያህል ወፍራም፣ እጁ ምን ያህል ሻካራ እንደሆነ እያሰበ ይቆያል። ውሸቱን ተናዘዘ፤ ንቀቱን ግን አልተናዘዘም፤ ገና ኃጢአት መሆኑን አላወቀምና። በአገልግሎት ላይ ያለን ሁሉ ይህን ሌሊት እናውቀዋለን። ሰው አንዱን ኃጢአቱን አራግፎ በተነሣበት ጉልበት ላይ ሌላው ሲበቅል አይታየውም።

ሦስተኛው ጥቅስ፦ ባለጠጋው

ፒፕ ወደ ለንደን ከመሄዱ በፊት ባለው እሑድ (ምዕራፍ 19) ከጆ ጋር ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። የዕለቱ ንባብ ስለ ባለጠጋና ስለ መንግሥተ ሰማያት የሚናገረው ክፍል ነው (ማቴ. 19፥23-24)። ወጣቱ፣ ቄሱ ሁሉን ቢያውቅ ኖሮ ይህን ክፍል ምናልባት አያነብም ነበር ብሎ ያስባል። የእርሱ ሀብት ልዩ ነው፤ የእርሱ ጉዳይ ከዚህ ውጭ ነው።

ከአምልኮ በኋላ ለብቻው ሲንሸራሸር፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ እሑድ እሑድ ወደዚያች ቤተ ክርስቲያን ለሚመላለሱት ድሆች ያዝንላቸዋል። አንድ ቀን ለመንደሩ ሰው ሁሉ ጥብስና መጠጥ ያለበት ግብዣ አደርጋለሁ ብሎ ያቅዳል። ተራኪው ጐልማሳ በዚህ ዕቅድ ላይ ይሳለቃል፤ ከምግቡ ጋር ብዙ ንቀትም ተመድቦ ነበር ይለናል። በእነዚያ መቃብሮች መካከል ሲያነክስ ያየውን ወንጀለኛ አስታውሶ ያፍራል፤ ሩቅ አገር ተግዞ ሄዷል፣ ሞቶም ይሆናል ብሎ ራሱን ያጽናናል። ኪሱ ውስጥ ያለው ገንዘብ ከዚያው ሰው ላብ የመጣ መሆኑን አያውቅም።

በልጅነቱ ጥቅሱ በእርሱ ላይ ተወርውሮ ነበር፤ አሁን ጥቅሱን ከራሱ ላይ ወደ ሌላ ሰው ማሳለፍ ተምሯል። ይህም የማደግ አንድ ደረጃ ነው፤ ብዙዎቻችን የምንቆየውም እዚህ ላይ ነው። ቃሉን እናውቃለን፤ ለማን እንደሚስማማም እናውቃለን፤ ለእኛ ግን አይደለም።

በመካከል፦ ጆ ለንደን መጣ

በምዕራፍ 27 ጆ ሊጠይቀው ለንደን ድረስ ይመጣል። ፒፕ በገንዘብ ማስቀረት ቢቻል ኖሮ እንደሚያስቀረው በግልጽ ይነግረናል። ጆ ጥብቅ ባለ የክት ልብሱ ተጨናንቆ፣ ባርኔጣው ካስቀመጠበት እየወደቀ፣ አንዴ «ፒፕ» አንዴ «ጌታዬ» እያለ ይጠራዋል። በአማርኛ ብንናገረው «አንተ» ብሎ ጀምሮ «እርስዎ» ብሎ ይጨርሳል። ሊሄድ ሲል ግን ያለ ቂም ይናገራል፦ የሰው ኑሮ በብዙ መለያየት የተበየደ ነው፤ እርሱ በዚህ ልብስ ትክክል አይደለም፤ ፒፕ ሊያየው ከፈለገ በመሥሪያው መስኮት ጎንበስ ብሎ ይመልከተው። የቀጥቃጭ እጅ በሚናቅበት አገር ላደግን ለእኛ ይህ ትዕይንት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ይህን ምዕራፍ ሳነብ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ሴሚናሪ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት አባቴ በፕላስቲክ ጫማው፣ ዱላውን ይዞ፣ ቆሎ ቋጥሮ ከገጠር ሊጠይቀኝ መጣ። ለክፍል ጓደኞቼ «ከአገር ቤት የመጣ ዘመድ ነው» ብዬ አስተዋወቅሁት። ሰምቶኛል። ምንም አልተናገረም፤ በማግሥቱ ማለዳ «በርታ» ብሎኝ ሄደ። በዚያ ሳምንት በትምህርት ቤቱ ጸሎት ላይ ስለ ትሕትና የሰበክሁት እኔ ነበርሁ።

አራተኛው ጥቅስ፦ ቀራጩ

ማግዊች ዕድሜውን ሙሉ እንዲጋዝ ከተፈረደበት ከአውስትራሊያ ፒፕን ለማየት ተመልሷል፤ ከተያዘ ቅጣቱ ሞት ነው። ፒፕ መጀመሪያ ይጸየፈዋል። ሊያሸሸው ሲሞክር ግን በወንዝ ላይ ይያዛል፤ ክፉኛም ይቈስላል። በምዕራፍ 54፣ ከቈሰለው ሰው አጠገብ ተቀምጦ፣ የፒፕ መጸየፍ ይቀልጣል። ይህ ሰው ለዓመታት ያልተለወጠ ምስጋና የነበረው መሆኑን ያስተውላል፤ እኔ ለጆ ከሆንሁት ይልቅ ይህ ሰው ለእኔ የተሻለ ሆነልኝ ብሎም ይፈርዳል።

በምዕራፍ 56 ማግዊች ከሌሎች ጋር የሞት ፍርድ ይሰማል። 32 ወንዶችና ሴቶች በአንድ ጊዜ ይፈረድባቸዋል፤ በመስኮቱ የገባው የፀሐይ ብርሃን ዳኛውንና ተፈራጆቹን በአንድነት ሲያበራ ተራኪው ሁሉም እኩል የሚቆሙበትን የማይሳሳት ፍርድ ያስባል። ማግዊች ስቅላቱ ሳይደርስ በእስር ቤቱ ሕሙማን ክፍል ይሞታል። ፒፕ እጁን ይዞ፣ አብረው ያነበቡትን፣ ሊጸልዩ ወደ መቅደስ የወጡትን የሁለቱን ሰዎች ታሪክ ያስታውሳል (ሉቃ. 18፥9-14)። ከቀራጩ ጸሎት የተሻለ ቃል እንደሌለ ያምናል፤ ይጸልየዋልም። ነገር ግን አንድ ነገር ይለውጣል። ቀራጩ የጸለየው ስለ ራሱ ነው፤ ፒፕ የሚጸልየው ስለ ሟቹ ነው። በእኛ ቋንቋ ልዩነቱ የአንድ ፊደል ነው፦ «ማረኝ» የነበረው «ማረው» ሆነ።

በዚህች ፊደል ላይ ሐያስያን ይለያያሉ። አንዳንዶች የለወጠው በተፈጥሮ ነው ይላሉ፤ ለሚሞት ሰው መማለድ ነውና። ሌሎች ደግሞ ዲከንስ እዚህ ላይ ምጸት አስቀምጧል ይላሉ፤ ፒፕ የቀራጩን ቃል በፈሪሳዊው ቦታ ቆሞ ተናገረ፣ ኃጢአተኛው እርሱ ነው እኔ አይደለሁም እንደ ማለት ነው ይላሉ።

ጥቅሱን ብቻውን ካየነው ሁለተኛው ንባብ ያሳምናል። በቅደም ተከተሉ ካየነው ግን አይጸናም። ፈሪሳዊው ራሱን ከቀራጩ ጋር አወዳድሮ እኔ እበልጣለሁ አለ። ፒፕ ከሁለት ምዕራፍ በፊት ራሱን ከወንጀለኛው ጋር አወዳድሯል፤ ፍርዱም ይህ ሰው ይበልጠኛል የሚል ነበር። ስለዚህ «ማረው» ሲል ከላይ ወደ ታች አይደለም። ሆኖም የመጀመሪያዎቹን ሐያስያን ሙሉ በሙሉ አልከተልም። «ማረኝ» የሚለው ቃል ገና አልተነገረም። ምልጃው እውነተኛ ነው፤ ንስሐው ግን ግማሽ መንገድ ላይ ነው፤ የበደለው ሰው ሌላ ቦታ ነውና።

የጎደለው ፊደል

ከማግዊች ሞት በኋላ ፒፕ በትኩሳት ይወድቃል፤ ዕዳ ጠያቂዎችም በሩ ላይ ናቸው (ምዕራፍ 57)። ከረጅም ቅዠት ሲነቃ አልጋው አጠገብ ያገኘው ጆን ነው። የጠፋው ልጅ ወደ ቤት ከመመለሱ በፊት በሩቅ አገር ሳለ የቤቱ ሰው መጥቶለታል። ፒፕ እንዲህ አትራራልኝ፣ ተቈጣኝ፣ ምታኝ፣ ውለታ ቢስነቴን ንገረኝ ብሎ ይለምነዋል። ጆ በደስታ ራሱን ከትራሱ ላይ አጠገቡ ያሳርፋል። ጨዋ ለመሆን ዕድሜውን የፈጀው ወጣት እውነተኛውን ጨዋ፣ የዋሁን ክርስቲያን፣ በቀጥቃጩ ውስጥ አየ፤ እግዚአብሔር እንዲባርከውም ለመነ።

ፒፕ እየበረታ ሲሄድ ጆ እንደገና «ጌታዬ» ማለት ይጀምራል። አንድ ማለዳም ሳይሰናበት ይሄዳል፤ ትቶለት የሄደው አጭር ደብዳቤና የተከፈለ ዕዳ ደረሰኝ ነው። ፒፕ ተከትሎት ወደ መንደሩ ይወርዳል፤ ጆና ቢዲ በተጋቡበት ቀን ይደርሳል። በምዕራፍ 58 በሁለቱ ፊት ቆሞ ይቅርታ ይለምናል፤ ይቅር ማለታቸውን በአንደበታቸው እንዲነግሩትና ድምፃቸውን ይዞ እንዲሄድ ይጠይቃል። «ማረኝ» የሚለው ቃል ቦታውን ያገኘው እዚህ ነው፦ ለእግዚአብሔር የተጸለየው ጸሎት፣ የበደለውን ወንድም ፊት ለፊት በማየት ተፈጸመ።

ለአቅመ አዳም መድረስ በዚህ መጽሐፍ እንዲህ ይነበባል። ጥቅሱ መጀመሪያ «አንተ» ተባለ፤ ፒፕ ፈራ። ከዚያ «ሌላው» ላይ አረፈ፤ ፒፕ ኮራ። ከዚያ «እርሱ» ሆነ፤ ፒፕ አዘነ። በመጨረሻ «እኔ» ሆነ፤ ያን ጊዜ ጎለመሰ።

መጽሐፉ የማይሰጠን

ለመስበክ ስንቸኩል ሁለት ነገር እንዳንረሳ። አንደኛ፣ ጌታችን በሉቃስ 18፥14 ስለ ቀራጩ ሲናገር ጸድቆ ወደ ቤቱ እንደ ተመለሰ ነው የሚነግረን። ልብ ወለዱ ሰው ለሰው የሚያደርገውን ይቅርታ በድንቅ ሁኔታ ያሳያል፤ ኃጢአተኛ በእግዚአብሔር ፊት በምን እንደሚጸድቅ ግን አይናገርም። መስቀሉን ከሌላ ቦታ ማምጣት የሰባኪው ድርሻ ነው፤ በዲከንስ አፍ ውስጥ መክተት ግን ታማኝነት አይደለም።

ሁለተኛ፣ ጆን የክርስቶስ ምሳሌ አድርጎ ማቅረብ ያጓጓል። ነገር ግን ጆ በዚያ የገና ማዕድ ላይ መረቅ ከመጨመር በቀር አፉን አልከፈተም። ሚስቱ ልጁን በዱላ ስትመታው በነበረባቸው ዓመታትም ሊያስጥለው አልቻለም፤ ጣልቃ ቢገባ በልጁ ላይ ይብስበት እንደ ነበር በምዕራፍ 57 ራሱ በኀዘን ያስረዳል። ደግነቱ እውነተኛ ነበር፤ ዝምታው ግን ልጁን ዋጋ አስከፍሎታል። በየቤተ ክርስቲያናችን ጥቅስ እንደ ዱላ ሲወረወርባቸው አይተን በኋላ በጓሮ የምናባብላቸው ልጆች አሉ። መረቁ መልካም ነው፤ በማዕዱ ላይ አንድ ቃል መናገር ግን ይበልጣል።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ከልብ ወለድ ጥቅስ ስናወጣ ከጥቅሱ ጎን ሦስት ነገር እንጻፍ፦ ተናጋሪውን፣ ዕድሜውን፣ ከዚያ በኋላ የደረሰበትን። ይህ ልማድ ወደ ስብከታችንም ይመለሳል። ወጣቶች ፊት ስንቆም በእጃችን ያለው ቃል የትኛው ፊደል ላይ እንደሚያልቅ እንጠይቅ። «ማረው» ብለን ስለ ትውልዱ ብዙ ጸልየናል፤ መልካም አድርገናል። ትውልዱ ከእኛ አፍ ሰምቶት የማያውቅ ከሆነ ግን፣ «ማረኝ» ማለትን ከማን ይማራል?

እኔም ባለፈው ክረምት ወደ አገር ቤት ወርጄ ለአባቴ ያን ቀን አነሣሁበት። «የቱን ቀን?» አለኝ። ያስታውሰው እንደሆነ አላውቅም። እኔ ግን መናገር ነበረብኝ።